ወደ ደህናው ቀን

ሰዓዳ ብልህ ናት። ይህን የሚክድ ሰው ቃሊቲ ውስጥ አይገኝም፤ እሷም ራሷ አትክድም። ችግሩ ብልህነቷ አንዳንዴ እሷን ጥሏት ቀድሞ መሄዱ ነው።

ከጓደኛዋ ከሊዲያ ጋር የከፈቷት የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ከአስፋልቱ ገባ ብላ፣ የጋሽ ገብረጻድቅ ግቢ በር ላይ ነው ያለችው። ጋሽ ገብረጻድቅ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ አጥሩን ሰብረው ያሠሯትን ክፍል ነው ለሁለቱ ልጃገረዶች ያከራዩት። ልጆቹ ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ የሠርግ ካርድ ያዘጋጃሉ፣ ሥራ ለሚፈልግ ሲቪ ጽፈው በኢሜል ይልካሉ። ቂሊንጦ የታሰረ ዘመድ ያለው አቤቱታውን ይዞ ይመጣል። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የገባ የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ታክሲ ሲቀይር የልጁን የትምህርት ማስረጃ ኮፒ አስደርጎ ያልፋል። ኮምፒውተሩ አንድ፣ ወንበሩ ሁለት ነው። ሁለቱ ከኮሌጅ ጀምሮ አይለያዩም፤ አንዷ የስልጤ ነጋዴ ልጅ፣ አንዷ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ። የሰፈሩ ሰው አንዷን ብቻዋን ካገኛት ሰላምታውን ሳይጨርስ "ያቺኛዋስ?" ይላል።

ነገሩ የተጀመረው በ2008 የካቲት ወር ነው። አንዲት እናት ያስጻፉትን ማመልከቻ እንደያዙ ተናደው ተመለሱ። ወረቀቱ ራስጌ ላይ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያስቀምጠው ቀን የፈረንጅ ኖሮ፣ የሄዱበት መሥሪያ ቤት ያለችው ጸሐፊ "ይሄ የኛ ቀን አይደለም፣ አስተካክለው ይምጡ" ብላቸዋለች።

"እኔ የፈረንጅ አገር ሰው እመስላለሁ ወይ ልጄ?" አሉ እናትየዋ።

ሰዓዳ ይቅርታ ጠይቃ አስተካከለችላቸው። በማግስቱ አመሻሽ ላይ ሌላ ሰው በዚያው ምክንያት ተመለሰ። ሌላ ጸሐፊ ብትሆን ራስጌው ላይ ያለውን ቀን አጥፍታ በእጇ ትጽፍ ነበር። ሰዓዳ ግን ብልህ ናት ብለናል። የኮምፒውተሩን ሰዓት ከፈተችና ቀኑን ዘጠኝ፣ ወሩን ስድስት፣ ዓመቱን ሁለት ሺህ ስምንት አለችው። ከዚያ ወዲያ የሚወጣው ወረቀት ሁሉ ልክ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሆኖ ይወጣ ጀመር። ሊዲያ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ልትገዛ ወጥታ ስለነበር አላየችም። ስትመለስም ሰዓዳ አልነገረቻትም። ደብቃት አይደለም፤ እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ወሬ ትሆናለች ብላ ስላላሰበች ነው። ወዲያውም ረሳችው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ዘአማኑኤል መጣ። ዘአማኑኤል የሊዲያ እጮኛ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል። ለሠርግ ካርዱ የሚሆን ፎቶ በፍላሽ ይዞ መጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው፣ ፎቶውን ገለበጡ፣ ጥቂት ተሳሳቁ፣ እሱም ፍላሹን እዚያው ረስቶ ወደ ሥራው ሄደ። ሰዓዳ ሰውየውን አትጠላውም። ካርዱንም የምታዘጋጀው ራሷ ናት፣ ያውም በነፃ። ነገር ግን እሱ ከመጣ ወዲህ ሊዲያ ሳቋን አስቀምጣ የምትቆየው ለእሱ መስሎ ይታያት ጀምሯል። ከሠርጉ በኋላ ቱሉ ዲምቱ ሊገቡ ነው። እዚያ ደግሞ የፎቶ ኮፒ ሱቅ የሚሆን ባዶ ቤት ሞልቷል። ሰዓዳ ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ብቻዋን ስትሆን ግን ታስበዋለች።

ረፋዱ ላይ ሉላ የምትባል የሰፈሩ ልጅ ሲቪዋን ልታስልክ ገባች። ማመልከቻው የሚዘጋው ያን ዕለት ነው። ሊዲያ ጂሜይል ልትከፍት ብትል ቀይ ምልክት ብቅ ብሎ አላስገባ አላት። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ሌላ ድረ ገጽ ሞከረች፤ እሱም በሩን ዘጋባት።

"ፍላሹ ነው" አለች ሰዓዳ ከኋላዋ ቆማ።

"ቆይ እስቲ፣ ልየው።"

"ምኑን ታይዋለሽ? ትናንት ደህና ነበር። ዛሬ ያ ሰውዬሽ ፍላሹን ሰካ፣ ተበላሸ። ሌላ ምን አለ?"

ሊዲያ ወደ እሷ ዞረች። ሰዓዳ ግን አንዴ ጀምራለች፤ ለብዙ ቀን የታፈነ ነገር መውጫ ካገኘ ማን ይመልሰዋል።

"እሱ'ኮ ይሄ ሱቅ እንዲዘጋ ነው የሚፈልገው! ቱሉ ዲምቱ ወስዶ ሌላ ሊከፍትልሽ። አንቺም ታውቂያለሽ። አላውቅም እንዳትዪኝ!"

ሉላ መሬት መሬት አየች። ሊዲያ ቦርሳዋን አነሳችና ለሉላ "ታክሲ ተራው ጋ ያለው ኢንተርኔት ቤት ሂጂ፣ እዛ ይላክልሻል" አለቻት። ራሷም ወጥታ ሄደች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሰዓዳ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደንግጣ ነበር፣ ግን ሮጣ አልተከተለቻትም።

ሊዲያ ያን ቀን አልተመለሰችም፤ በማግስቱም። ስልክ ሲደወልላት አታነሳም። ሰዓዳ መጀመሪያ ተናደደች፣ ከዚያ ፈራች፣ ከዚያ ደግሞ ፍላሹ ጥፋተኛ መሆኑን በማስረጃ ላሳያት ብላ ተነሳች። ከአንዱ ጎረቤት ፀረ ቫይረስ ተውሳ ጫነች። ቫይረስ አላገኘም። ይሄ የማይረባ ነው ብላ ከሌላው ተውሳ ሁለተኛ ጫነች፤ እሱም ምንም አላገኘም። ሦስተኛውን ስትጭን ሦስቱ እርስ በርስ ተናከሱና ኮምፒውተሩ ጭራሽ ደነዘዘ። አንድ ፊደል ተጭና ፊደሉ ስክሪኑ ላይ እስኪወጣ ድረስ ደንበኛው አፏን ያያል። ማተምም ቆመ። የመጣው ሰው ሁሉ "ያቺኛዋስ?" ይላታል፤ "አሟት ነው" ትላለች፤ ሰውየውም "እግዜር ይማራት" ብሎ ማመልከቻውን ይዞ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ሰዓዳ ሁለት ወንበር ካለበት ክፍል ውስጥ አንዱ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ናፍቆት እዚያው ሰፈር ላለ ሰው እንዲህ እንደሚጸና ከዚያ በፊት አታውቅም ነበር።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ጋሽ ገብረጻድቅ ከግቢያቸው ሆነው ያያሉ። እሳቸው ደግሞ ጠብ ሲያዩ እጃቸውን ያሳክካቸዋል። ሰፈሩ ውስጥ ተጣልቶ በእሳቸው ያልታረቀ ባልና ሚስት ካለ፣ ገና ያልተጋባ ነው። አንድ ቀን ሱቋ በር ላይ ቆሙ።

"እሁድ ከሰዓት በኋላ ግቢ ትገቢያለሽ" አሉ። "ሊዲያን አነጋግሬያታለሁ፣ እሺ ብላለች።"

"ጋሼ፣ እርስዎ ነገሩን አላወቁትም..."

"ማወቅም አልፈልግ። እኔ ዳኛ አይደለሁም፣ ጥፋተኛ ፍለጋ የለም። ታናሽ ቀድማ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ታላቅ ትከተላለች፣ ነገሩ እዚያው ይቀበራል። ከዚያ ወዲያ እኔ የቀበርኩትን የቆፈረ ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው።"

ሰዓዳ ጎንበስ ብላ አመሰገነቻቸው። ሊዲያ እሺ ማለቷን ስትሰማ ከደረቷ ላይ ድንጋይ የተነሳላት መሰላት። ቢያንስ ኮምፒውተሩ ተሠርቶ ይጠብቃት ብላ ቅዳሜ ጠዋት ኩምሳን አስጠራችው።

ኩምሳ ወደ ገላን መውጫ ኮምፒውተር የሚጠግን ቀልደኛ ሰው ነው። ተቀምጦ ጥቂት ነካካና ወደ ሰዓዳ ዞረ።

"አቦ፣ ሦስት ዘበኛ ነው'ንዴ የቀጠርሽበት? እርስ በርስ እየተደባደቡ ሌባ ማን ይጠብቅ?"

"እባክህ አትቀልድ። ይድናል?"

"ወደ ኋላ እንመልሰዋለን። ኮምፒውተር እኮ አዲስ ነገር ሲጫንበት 'እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ' ብሎ ምልክት ያስቀምጣል። ደህና የነበረበትን ቀን አንቺ ትመርጫለሽ፣ እኔ እዛ እመልስልሻለሁ።"

"የጻፍነውስ? ከዚያ ወዲህ የሠራነው ሁሉ ሊጠፋ ነው?"

"ጽሑፍሽን አይነካም። የሚያወርደው የጫንሽበትን ኮተት ነው። የጻፍሽው የጻፍሽው ነው።"

ምልክቶቹን ዘርግቶ አሳያት። ሰዓዳ የፈረንጁን ቀን ሳታነብ በፊት የአንዱን ስም አወቀችው፤ የፕሪንተራቸው ስም ነው። ፕሪንተሩን ከመርካቶ ሲያመጡ በሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ በሁለቱ ጭን ላይ አጋድመውት ነበር። ረዳቱ የዕቃ ክፈሉ ሲል ሊዲያ "ምን ዕቃ አለ? ሕፃን ነው፣ ታቅፈነዋል!" ብላ እስከ ቃሊቲ ድረስ ተከራከረችው፤ ተሳፋሪው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሲወርዱ ረዳቱ ራሱ ካርቶኑን ተሸክሞ "ያሳድግላችሁ" ብሏቸው ሄደ። ሰዓዳ ጣቷን እዚያ ላይ አደረገች።

"እዚህ መልሰው።"

ኮምፒውተሩ ጠፋ፣ በራ፣ ብዙ አሰበ። ሰዓዳም እንደ እሱ አሰበች። ሰውም እንዲህ የሚመለስ ቢሆን እኔንና ሊዲያን እዚያች ሚኒባስ ውስጥ ነበር የምመልሰን አለች በልቧ። ወዲያው ግን ትዝ አላት። ያኔ ሊዲያ ገና አልታጨችም። ለሰዓዳ ደህና የነበረችው ቀን ሊዲያ እንዲህ ከመደሰቷ በፊት የነበረችው ቀን ናት። የጓደኛዋን ደስታ ነቅላ የራሷን ልትተክል መመኘቷ ገባትና አፈረች። ለነገሩ ምኞት ማንንም አይጎዳም፤ እሷ ግን ይሄንኑ ምኞት ቁጣ አልብሳ ከአፏ አውጥታዋለች።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀልጣፋ ሆኖ ተነሳ። ሦስቱም ፀረ ቫይረሶች የሉም። የሊዲያና የዘአማኑኤል የሠርግ ካርድ ግን እዚያው ባለበት አለ፤ አንድ ፊደል አልጎደለም። ሰዓዳ "አልሃምዱሊላህ" ብላ ተነፈሰች። ኩምሳ ሊሄድ ተነስቶ፣ እስቲ ኢንተርኔቱን ልሞክርልሽ ብሎ ጂሜይል ከፈተ።

ቀዩ ምልክት ወጣ።

ኩምሳ ግራ ተጋብቶ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር አየ። ከዚያ ዓይኑ ታች ጥግ ላይ ሲያርፍ ሳቁን ለቀቀው።

"እንዴ! ይሄ ኮምፒውተር ስንት ዓመተ ምሕረት ላይ ነው ያለው? ሁለት ሺህ ስምንት? በዚህ ቀን ከሆነ እኮ ይሄ ዊንዶውስ ራሱ ገና አልተሠራም!"

ሰዓዳ ዓመቱን የቀየረችው ራሷ መሆኗ አሁን ትዝ አላት።

"ቀኑና ኢንተርኔቱ ምን ያገናኛቸዋል?"

"እንዴት አይገናኙም? ኢንተርኔቱ ቀንሽን ጠይቆ ነው የሚያስገባሽ። 'እኔ ያለሁበት ቀንና አንቺ ያለሽበት ቀን አይገጥምም፣ አላምንሽም' ብሎ ነው የዘጋብሽ። በይ ተመልከች።" የፈረንጁን ቀን ሞላለት። ጂሜይሉ ወዲያው ወለል ብሎ ተከፈተ። "አየሽ? ወደ ኋላ ስንመልሰው ሰዓቱን አይነካውም፣ ለዛ ነው። ቫይረስ የሚባል ነገር አልነበረም።"

"ይሄ ፍላሽስ?" አለች።

ኩምሳ ዘአማኑኤል የረሳውን ፍላሽ ሰክቶ መረመረ። "ንጹሕ ነው። ፎቶ ብቻ ነው ያለበት። ሰዓቱን ማን ነው የነካው?"

"እንጃ" አለች ሰዓዳ።

ኩምሳ ከሄደ በኋላ ሱቁን በቀን ዘግታ ወደ ቤቷ አዘገመች። እንጃ ስትል እንዴት ቀልሎ እንደወጣላት ራሷን ገርሟታል። መንገዱን ሙሉ ከራሷ ጋር ተሟገተች። ማንም አያውቅም። ኩምሳም ነገ ይረሳዋል። ጋሽ ገብረጻድቅ ራሳቸው ጥፋተኛ ፍለጋ የለም ብለዋል፤ ታዲያ ሽማግሌ ያለውን ማክበር ነው እንጂ መቆፈር ምን ይባላል! ሊዲያ ይቅርታ ትላለች፣ እኔም ስለተናገርኩት ክፉ ቃል ይቅርታ እላለሁ፣ ሰኞ ሁለታችንም ወንበራችን ላይ እንቀመጣለን። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። ሙግቱን ረታች፤ ግን ረትታም ደስ አላላትም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ገብረጻድቅ ግቢያቸው ውስጥ ሦስት ወንበር አውጥተው፣ በሰሃን ቆሎ፣ ለስላሳ በጠርሙስ አስቀርበው ጠበቁ። ሊዲያ ነጠላዋን እንደለበሰች መጣች። ከስታለች። ሰዓዳ ስታያት ልትነሳላት ብድግ አለች፣ ተሳስመው ግን ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ተቀመጡ።

"እንግዲህ" አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "እኔ ነጂ በነበርኩበት ዘመን ባቡር ከሐዲድ ከወጣ ማን አወጣው እያልን ቆመን አንጨቃጨቅም፤ መጀመሪያ አንስተን ሐዲዱ ላይ እናስቀምጠዋለን። የእናንተም እንደዚያው ነው። ሊዲያ፣ በወራት ታናሽ ነሽ። ቅደሚ።"

ሊዲያ ተነሳች።

"ሰዓዳ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ" አለች ቀስ ብላ። "ፍላሹን ሳናስፈትሽ መሰካት አልነበረብንም። ዘአማኑኤልም ይቅርታ በይልኝ ብሏል። የሥራ መሣሪያሽን አበላሽተንብሻል።"

የሥራ መሣሪያሽን ነው ያለችው። የሥራ መሣሪያችንን አላለችም። ከዚያ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ አለች። የሰዓዳ ሙግት ሁሉ፣ ያ መንገዱን ሙሉ ተሟግታ የረታችው ሙግት፣ እዚያው ላይ ፈረሰ። ሊዲያን ትከሻዋን ይዛ አቆመቻት።

"ተይ። አላበላሻችሁም።"

"ሰዓዳ!" አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ። "ተራሽን ጠብቂ። ትጨርስ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ይሄን ሳልናገር ከሳመችኝ በኋላ መናገር አልችልም። እርስዎ ይቀብሩታል።" ወደ ሊዲያ ዞረች። "እኔ ነኝ። ማመልከቻው ላይ የኛ ቀን እንዲወጣ ብዬ የኮምፒውተሩን ዓመት የቀየርኩት እኔ ነኝ። ኢንተርኔቱ የተዘጋው በዛ ነው። ፍላሹ ምንም የለበትም። ትናንት ነው ያወቅሁት፣ ዛሬም ዝም ልልሽ ነበር የመጣሁት።"

"ጥፋተኛ አልፈልግም አላልኩም?" አሉ ሽማግሌው ተቆጥተው። "ማን ጠየቀሽ?"

"ማንም አልጠየቀኝም።"

ሊዲያ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ሰዓቱን። ያን ዕለት ጂሜይሉ እንቢ ሲለኝ ወዲያው ነው ያየሁት። ኮሌጅ ላብራቶሪ ውስጥም አንዴ እንዲሁ ሆኖ ነበር፣ አንቺ ያን ቀን ቀርተሽ ነው። ልነግርሽ ስዞር ስለ ዘአማኑኤል ጀመርሽ።"

"ታዲያ አንድ ቃል አትናገሪም! ወላሂ እኮ አብጄልሽ ነበር የከረምኩት!"

"ብናገር ምን ይሆን ነበር? ሰዓቱን ታይዋለሽ፣ 'ውይ!' ብለሽ ትስቂያለሽ፣ ያልሽኝም ያልሽኝ ሆኖ ይቀራል። ሰዓቱን እንድታምኚ አልፈለግሁም። እኔን እንድታምኚ ነበር የጠበቅሁት። አንድ ቀን ምንም ማስረጃ ሳታገኚ፣ 'ሊዲያ እንዲህ አታደርግም' ብለሽ ቤቴ ትመጫለሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ሰዓዳ አሁን የምትለው ሁሉ ከማስረጃው በኋላ የመጣ ነው። ያን ሁሉ ቀን ቫይረስ ስትፈልግ ውላ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ተነስታ ወደ ሊዲያ ቤት አልሄደችም። ቤቷ ደግሞ ከሱቁ ሩቅ አይደለም።

"ታዲያ ዛሬ ያላጠፋሽውን ለምን ይቅርታ ጠየቅሽኝ?" አለች በመጨረሻ።

"ጠብቄ ጠብቄ ደከመኝ። ናፈቅሽኝም።"

ጋሽ ገብረጻድቅ ከሰሃኑ ቆሎ ዘግነው ነበር፤ መልሰው አስቀመጡት። በዕድሜያቸው ብዙ ጠብ ቀብረዋል፤ ይሄኛውን ግን ከየት ጀምረው አፈር እንደሚያለብሱት ጠፋባቸው። "በሉ እንግዲህ፣ እናንተው ተነጋገሩ" ብለው ወደ ቤት ገቡ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሰዓዳ ሁለተኛ እንዲህ አልናገርሽም ብላ ልትምልላት አሰበችና ተወችው፤ መሐላ ያን ሰዓት እንደ ርካሽ ዕቃ ሆነባት።

"ነገ ሥራ እገባለሁ" አለች ሊዲያ። "ሱቁ የኔም ነው። ግን ምንም እንዳልተፈጠረ እሆናለሁ ብዬ አልዋሽሽም። አንድ ዕቃ በተበላሸ ቁጥር መጀመሪያ ፊትሽን ነው የማየው።"

"እሺ" አለች ሰዓዳ። ቃሉን ተናግራ ስትጨርስ እንባዋ መጣ፤ በእጇ ልትሸፍነው ብትሞክር በጣቶቿ መሃል ወረደ።

ሊዲያ አየቻት። አላቀፈቻትም። የነጠላዋን ጫፍ ግን አቀበለቻት፣ ሰዓዳም ፊቷን በእሱ ጠርጋ መለሰችላት።